የጣሪያው ክፍል፣ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን

ሰኔ 29፣ እሑድ

የጥናት ርዕሴ ጸደቀ! አማካሪዬ ዶክተር ዓብዱሰላም ዛሬ ጠዋት የላኩልኝ መልእክት ሁለት መስመር ብቻ ናት፦ «ሰፊያ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው። ሠላሳ ሰዓት ምልከታ፣ የውሻዋ ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ፣ ሪፖርቱ እስከ ሴፕቴምበር ስድስት።» በእኛ ጳጉሜን አንድ መሆኑ ነው። ሰርቪሱ፣ የጋራ ታክሲው፣ ውስጥ ተጣብበን ተቀምጠን ሦስቴ አነበብኳት። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ የፍቅር መልእክት መስሏት ፈገግ አለችልኝ።

ለማንም ስላላወራሁት እዚህ በወጉ ልጻፈው። እኔ ሰፊያ ኑሩ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ ዐረብ አገር፣ ማርካ ሰፈር የምኖር፣ የሰው ቤት በሰዓት የማጸዳ፣ የእንስሳት ባህርይ፣ ደኅንነትና ጥበቃ የሁለተኛ ዓመት የርቀት ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ባሕር ማዶ ነው፤ ክፍሌ ስልኬ ነው። ይህን ሪፖርት ካለፍኩ ሦስተኛ ዓመት እገባለሁ። ከወደቅኩ ነጻ የትምህርት ዕድሉ ይቋረጣል። ደብዳቤው ላይ በደማቁ ጽፈውታል፣ ሳላየው እንዳላልፍ።

የማጠናው ሳሻን ነው። ሳሻ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ዳቡቅ ያለው የማዳም ሪማ ቤት ውሻ ናት፤ ሰማያዊ ዓይን ያላት፣ ጸጉሯ ለበረዶ አገር የተሠራ። መጋቢት ላይ አመጧት። የምትኖረው ጣሪያው ላይ፣ የልብስ ማጠቢያ በነበረችው ክፍልና በደጇ ላይ ነው። እዚያ ቤት እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እሠራለሁ። ማዳም ከፊሌ፣ ማለትም ዋሴ፣ ናት፤ የሥራ ፈቃዴ ተስሪሔም የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬም በስሟ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ስጠይቃት አፌ እንዳይንተባተብ መለማመድ አለብኝ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

በችኮላ። የስልኬ ደወል በየአምስት ደቂቃው ሽርጥ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ቀና እላለሁ፣ ሳሻን አያለሁ፣ አንድ ፊደል እጽፋለሁ። ተኛች ተ። ዞረች ዞ። አለከለከች አ።

ከ3፡00 እስከ 4፡00፦ ተ ተ ዞ ዞ ዞ አ ዞ ዞ አ አ ዞ ዞ።

ሁልጊዜ በግራ ነው የምትዞረው። ከበሩ ተነስታ እስከ ውሃ ታንከሩ፣ ከታንከሩ እስከ በሩ። ወለሉ ላይ መንገድ አውጥታለች። መወልወያው አያስለቅቀውም፤ ሞክሬያለሁ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

የውሃ ቀን። ማርካ ውሃ የሚመጣልን በሳምንት አንዴ ነው፤ ታንከሩ ሲያልቅ አለቀ ነው። አብራኝ የምትኖረው ጠይባ በሬን ሳታንኳኳ ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ ታንከሩን የምትጨርሺው አንቺ ነሽ!»

እውነቷን ነው። ሳሻ ትልሰኛለች። በሃይማኖታችን ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዲግሪ ስለምማር አልጥለውም። ሰባት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሁለት ሰው በሚበቃ ታንከር። አፈሩን ደግሞ ከታች ካለው ጸጉር ቤት የሬሐን፣ የበሶብላ፣ ማሰሮ ውስጥ እየቆነጠርኩ ነበር። ሬሐኑ አዘንብሏል። ባለ ጸጉር ቤቱ በድመት አመካኝቷል።

«ትምህርት ተማሪ፣ ማን ከለከለሽ» አለች ጠይባ። «ሒሳብ አለ፣ ኮምፒዩተር አለ፣ ነርስነት አለ። ከዚህ ሁሉ ውሻ?»

«ከዚህ ሁሉ ውሻ» አልኳት።

ጠይባ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከማዳም ቤት ስወጣ ያስጠጋችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ብዙ አልመለስኩላትም። ከነገ ጀምሮ የሥራ ልብሴን እዚያው ዘበኛው አቡ ሙራድ ጋ እተዋለሁ፤ እጄንም ክንዴንም ዳቡቅ ታጥቤ እመጣለሁ። ዳቡቅ ውሃ አይቆጠርም። አፈርም የራሳቸው ግቢ አፈር ነው።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ፈረመች! ገና «ማዳም፣ ትምህርት ቤት...» ስል ቅጹን ከእጄ ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ እንግዶቿ ሲመጡ ሳሎን ጠራችኝ።

«ይቺ የኔ ልጅ ናት፣ ሰፊያ። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የምታጠናው የኔን ሳሻን ነው። ሪፖርቱ ሲያልቅ እንግሊዝ ሁሉ ያነበዋል።»

እንግሊዝ አይደለም፤ አላረምኳትም። እህቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አሁን ማን ሊያጸዳልሽ ነው ታዲያ?» አለቻት። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አስቆኝ እንደሆነ እንጃ። ወጥ ቤት ስገባ በራሴ በገንኩ። ሲስቁብሽ አብረሽ አትሳቂ፣ ሰፊያ። ይህን ስንቴ ተባብለናል?

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳሻ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ከውጭ ይቆለፍባታል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መዘገብኩ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዛሬ የመኖሪያ ስፍራውን ልኬት መሙላት ነበረብኝ። ሜትር ረስቼ መጣሁ። ግን ክፍሏን አውቃታለሁ፤ ሰው ጭንቅላቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ቢተኛ እግሩ በሩን ይነካል። የኔ ቁመት አንድ ከስልሳ ሁለት ነው። አንድ ከሰባ ብዬ ጻፍኩ። ማታ ሕሊናዬ ስላስቸገረኝ እሑድ ሜትር ይዤ ሄጄ ለካሁ፤ አንድ ከስልሳ ዘጠኝ።

(የእሑዱን እዚሁ ነው የጨመርኩት፤ ገጽ ላለማባከን።)

ማዳም በስልክ ስታወራ ሰማሁ፦ «ውሻ ማሳደግ እንዲህ አድካሚ መሆኑን ቢነገረኝ ኖሮ። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጣሪያው የሷ ነው፤ ምን ጎደላት?»

በየአምስት ደቂቃው የምጽፈው የጎደላትን ነው።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ሙቀት። ሬዲዮው ሰው ከቤት አይውጣ ይላል። ውሻ ግን አላለም።

8፡10። ክፍሉ ውስጥ 43 ዲግሪ።
8፡15። ተ። ምላሷ ደረቅ።
8፡20። ተ። ስጠራት ጆሮዋ አልተንቀሳቀሰም።
8፡22። ምልከታው ተቋረጠ።

ተሸክሜ አወረድኳት። ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ሦስት ፎቅ። መታጠቢያ ቤት እብነ በረዱ ላይ አስተኝቼ ሆዷንና መዳፏን በውሃ አራስኩ፤ በረዶ አይደለም፣ በረዶ አይሆንም ይላል የትምህርቱ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ ስድስት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች። አለቀስኩ፤ ማን አየኝ።

ማዳም ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ወለሉን ነው። ቀጥሎ ሳሻን። «ሐራም፣ ምስኪን፣ ምን ሆና ነው?» አለች፣ ከልቧ ደንግጣ። ነገርኳት። «ታዲያ ለምን ቶሎ አላወረድሻትም?»

ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። አጥኚ ጣልቃ አይገባም ይላል መጽሐፉ። እኔም 8፡10 ላይ አይቼ፣ 8፡15 ላይ አይቼ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ፊደል ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ቁጥሩን ከሪፖርቱ አላወጣውም፤ እኔም ልፈርበት።

ከመግሪብ ሶላት በፊት መልሰው ጣሪያ ላይ አወጧት።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሠላሳ ሰዓቱ ሞላ። ማርካ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ መጻፍ ጀመርኩ፤ «የመኖሪያ ሁኔታ» የሚለውን ክፍል በአንድ ጉልበት ጨረስኩት። ጠይባ ሹርባ አምጥታ ቀዘቀዘብኝ። ምን እንደጻፍኩ ሳላነበው ለዶክተር ላክሁት። እንዲህ ቀሎኝ ጽፌ አላውቅም።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ዶክተር ደወሉ። ሱዳናዊ ናቸው፤ ዐረብኛቸው ለስላሳ ነው፣ ሲቆጡም አይታወቅም።

«ሰፊያ፣ የመኖሪያ ሁኔታው ከጠቅላላው ሪፖርት ይበልጣል። እዚያ የነበርኩ ያህል ነው የተሰማኝ።»

«ሹክረን፣ ዶክተር።»

«አንድ ነገር ብቻ። በጃንዋሪ ንፋሱ በበሩ ሥር ይገባል ትያለሽ። በባልዲ ያደረ ውሃ በረዶ ይሠራል፣ ግድግዳው ያልባል፣ ሌሊት በሩ ከውጭ ስለሚቆለፍ መውጣት አይቻልም ትያለሽ።»

«አዎ።»

«ውሻዋ ግን የመጣችው በማርች ነው። የጃንዋሪው መረጃ የማን ነው?»

«አይሰማኝም፣ ኔትወርኩ ነው» ብዬ ዘጋሁ። ኔትወርኩ አልነበረም።

ወዲያው ጻፉልኝ፦ «ምንጭ የሌለው መረጃ ይሰረዛል። ምንጭ ካለው ምንጩ ይጻፋል። ምርጫው ያንቺ ነው፤ ሁለቱንም አከብራለሁ።»

እንዲህ ያለ ስሕተት እንዴት እሠራለሁ? ቀን ቆጥሬ፣ ሰዓት ቆጥሬ፣ ሜትር ይዤ ሄጄ፣ ከዚያ ውሻዋ ያላየችውን ብርድ በውሻዋ ስም ልጽፍ!

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ዕረፍት። ጠይባ መስጊድ ሄዳለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ካሁን የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

መሰረዝ ቀላል ነው። አራት መስመር ናት። ያለ እሷም ሪፖርቱ ያልፋል፤ የሐምሌና የነሐሴው ብቻውን ይበቃል። ማዳምም ደስ ብሏት ትፈርማለች። ያለ እሷ ሁለተኛ ፊርማ ደግሞ ሪፖርቱን አይቀበሉትም፤ ባለቤት በሚያነበው ቋንቋ አንብቦ መፈረም አለበት፣ ሕጉ ነው።

ስጠርግ አይቼ ነው ልልም እችላለሁ። በጥር ሌሊት ጣሪያ ላይ ማን ይጠርጋል?

እሺ። እዚያ ክፍል ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከመክተቡ፣ ከሠራተኛ አገናኝ ቢሮው፣ በቀጥታ ወደዚያ ነው ያመጡኝ። ሁለት ጥር። ይኸው፣ ጻፍኩት፤ ጣሪያው አልወደቀም።

የሚያናድደኝ ብርዱ አይደለም። ብርድ ያልፋል። የሚያናድደኝ አንድም ሌሊት በሩን አለማንኳኳቴ ነው። መቆለፊያው ሲንቀጫቀጭ እሰማና «እነሱም ቤታቸውን ይጠብቁ እንጂ» እል ነበር። ሥርዓት መስሎኝ! ሳሻ እንኳን በመጀመሪያው ቀን በሩን ቧጥጣለች፤ ምልክቱን ፎቶ አንስቼ አባሪ ሁለት ላይ አድርጌዋለሁ።

ራሴን ከውሻ ጋር እያወዳደርኩ አይደለም። ማንም እንዲህ እንዳያነበው። ስለ አንድ ክፍል ነው የምጽፈው። ክፍሉ በነሐሴ ምን እንደሚመስል በቴርሞሜትር አውቃለሁ፤ በጥር ምን እንደሚመስል በሌላ መንገድ አውቃለሁ። ሳሻ ደግሞ ጥር ይመጣባታል።

አልሰርዝም።

«የጥርና የየካቲት መረጃ ምንጭ፦ የአጥኚዋ የግል ምልከታ። አጥኚዋ በዚህ ክፍል ሁለት የብርድ ወቅት ኖራለች።»

ሃምሳ ጊዜ አነበብኩት። ደረቅ ነው፤ እንደ መጽሐፉ ነው። ጥሩ ነው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ሪፖርቱን ወደ ዐረብኛ መለስኩት። ጠይባ አነበበችው። ገጾቹን አስተካክላ ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው።

«ውሻ እንኳ በበላበት ነው የሚጮኸው» አለችኝ።

«እኔ ውሻ አይደለሁም።»

«ሰፊያ፣ ዝም አይነቅዝም። ወረቀትሽ በእጇ ነው። መስከረም ላይ ተስሪሕሽ ያልቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽስ?»

ካወቅሁስ። ግን አልሰርዝም።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ሪፖርቱን ለማዳም ሰጠኋት። «ማሻአላህ፣ ስንት ገጽ ነው!» አለችና መሳቢያው ላይ፣ ከመነጽሯ ጎን አኖረችው። የወጥ ቤቱን ምድጃ ሁለቴ አጸዳሁት።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

አንብባዋለች። ወጥ ቤት መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሰባት ዓመት ውስጥ ከፊቴ ስትቀመጥ ይህ መጀመሪያዋ ነው፤ መቆም ይሁን መቀመጥ ግራ ገባኝ፣ ቆምኩ።

«ስለ ሙቀቱ የጻፍሽው ልክ ነው። ወላሂ አላወቅሁም ነበር» አለች። «ባለቤቴ ቤት ውስጥ ውሻ አልፈልግም ስለሚል ነው እንጂ። አወርዳታለሁ። እንደጻፍሽው አደርጋለሁ።»

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ቀጣዩን አልጠበቅሁም።

«ይህቺን መስመር ግን አውጪያት። ስለ ውሻ አይደለችም።»

«ስለ ክፍሉ ናት፣ ማዳም።»

«ያኔ ብርድ ነው አላልሽኝም።»

አላልኩም። እሱን ልትክድ አትችልም፤ እኔም አልክድም።

«ለእህቴ፣ ለጓደኞቼ፣ ለሁሉም አሳያለሁ ብያለሁ። ሰው ምን ይለኛል? እንደ ልጄ አይደለም የያዝኩሽ?» ከዚያ ተነሳች፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። «ተስሪሕሽንም በዚህ ወር ማደስ አለብን፤ አስታውሽኝ።»

ድምጿን አላነሳችም። ተጨማሪ ጨው ግዢ እንደማለት ነው ያለችው።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

በችኮላ፣ ሰርቪስ ውስጥ።

«መስመሯን አወጣሻት?» አለች ማዳም። «አላወጣሁም» አልኩ። «ለአንድ መስመር?» አለች። «ለአንድ መስመር» አልኩ።

እስክሪብቶ አንስታ ፈረመች። ወረቀቱ እስኪበሳ። ለምን እንደፈረመች አላውቅም፤ ሳትፈርም ብትቀር አንድ ቃል አልናገራትም ነበር። አላየችኝም።

«ኻለስ፣ በቃ፣ ሰፊያ። እሑድ አትምጪ። ሌላ ከፊል ፈልጊ፣ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ሥራ ቢሮ ሄደን ተናዙል እፈርምልሻለሁ።»

ተናዙሉን ካልፈረመች ሌላ ሰው ወረቀቴን ሊያዛውር አይችልም። የሪፖርቱ ፊርማ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሳሻን አልተሰናበትኳትም፣ ተቆልፎባት ነበር።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ላክሁት! «ሪፖርትዎ ደርሶናል።» ለጠይባ ሳሳያት እልልታዋን ጎረቤት ሰማው፤ ያ ሁሉ ተግሣጽ የት እንደገባ። እሷ ናት ኡም ኡዘይና ሰፈር የምትሠራላቸውን አሮጊት ለምና ከፊል ያገኘችልኝ። ሐሙስ ተናዙሉ ከተፈረመ ሁሉ ነገር ያልቃል። ሐሙስ ደግሞ እንቁጣጣሽ ነው።

ከሰዓት አቡ ሙራድ ደወለ። ሳሻን አውርደዋታል፤ ከሳሎኑ አጠገብ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል። «ትተኛለች፣ ትበላለች፣ መዞሩን ትታለች» አለኝ። ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን አንድ ነገር ሠራሁ አልኩ። የፈለገው ይምጣ፣ ይህን ሠራሁ።

«ላይኛውን ክፍልም ቀለም ቀባሁት» አለ ቀጥሎ። «ፍራሽ አስገባን። ማክሰኞ ከመክተብ አዲስ ልጅ ትመጣለች፣ ያገርሽ ልጅ።»

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ጠይባ ቀኑን ሙሉ ተከተለችኝ።

«እስከ ሐሙስ በማዳም ደጅ አትለፊ። ሦስት ቀን ናት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ለልጅቷ ሐሙስ ማታ ትደውይላታለሽ።»

«ስልኳን ይቀሟታል።»

«አንቺንም ቀምተውሽ ነበር፤ ሞትሽ?»

አልሞትኩም። ትክክል ናት። በሁሉም ትክክል ናት፤ ለዚህ ነው የምትቆጣኝ።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ዳቡቅ ነኝ፣ የማዳም ደጅ፣ ደረጃው ላይ። እየጻፍኩ ያለሁት እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው።

መኪናው በአራት ሰዓት መጣ። የመክተቡ ሰውዬ ሻንጣዋን አውርዶ ስልክ እያወራ ወደ ጥላው ሄደ። ልጅቷ ቆማ ቀረች። ጽናት ትባላለች፣ ሃያ ዓመቷ ነው። በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣሽ» ስላት እጄን ይዛ አልለቅም አለች።

«ውሻ አለ አሉኝ» አለችኝ። «እኔ ውሻ ሳይ ነፍሴ ነው የሚወጣው። የት ነው የሚያድረው?»

«አትፍሪ፣ ደግ ናት። ታች ነው የምታድረው፣ ከሳሎኑ ጎን።»

«እኔስ?»

ልዋሻት እችል ነበር። ቁጥሬን ሰጥቻት፣ ሐሙስን ጠብቄ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። እሷም ተከትላ አየች።

ደወሉን ደወልኩ።

ማዳም ራሷ ከፈተች። ሁለታችንን አየች፤ ከዚያ እኔን ብቻ። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሐሙስን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም» አልኩ። «ልጅቷ የት እንደምታድር ትጠይቃለች። ዐረብኛ ስለማትችል ልጠይቅላት ብዬ ነው።»

«የት እንደምታድር አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ ማዳም። አንቺም አንብበሻል።»

በሩን ሳትዘጋው ወደ ውስጥ ገባች። ድምጿ ይሰማኛል፤ ባሏ ጋ ይሁን እህቷ ጋ ትደውላለች፣ አልለየሁትም። የመክተቡ ሰውዬ ከጥላው ሥር «ያላ፣ ያላ፣ አስገቧት» ይላል። ጽናት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እንግባ ወይ ትለኛለች በዓይኗ።

መልሱ እስኪመጣ አትነሺ አልኳት። እኔም አልነሳም።